የፓምፑ ዘይት ወተት ሲመስል

ሸዋሮቢት አካባቢ ሽንኩርት ወይም ቲማቲም በመስኖ የሚያለማ ሰው ሞተር ፓምፕ ምን ማለት እንደሆነ ማንም አይነግረውም። ሽንኩርቱ ራስ መቋጠር በጀመረበት ሳምንት ፓምፑ ከቆመ የወራት ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው።

እኔ ላይ የደረሰው እንዲህ ነው። አንድ ጠዋት በሮቢ ወንዝ ዳር የሞተሩን ዘይት መሙያ ስከፍት ዘይቱ ማኪያቶ መስሏል። ደፋሁትና አዲስ ሞላሁ። በአራተኛው ቀን ተመልሶ ያው ሆነ። አሁንም ቀየርኩ። በሁለተኛው ሳምንት ከሞተሩ ውስጥ መንኳኳት ተሰማ። ሲፈታ ብሮንዚኑ (ዘንጉ የሚሽከረከርበት የብረት ትራስ) ተበልቷል። የፈታው ወጣት መካኒክ፣ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ውሃው በየት እንደገባ ማየት ነበረብዎት እኮ። ዘይት ቢቀይሩማ መልሶ ይበላሻል» አለኝ። ልክ ነበር። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው በዚያው መንገድ ሞተር እንዳይጨርስ ነው።

መጀመሪያ ሞተሩን አጥፉ

ዘይቱ ነጣ ብሎ ካያችሁ «ይህቺን ማሳ ልጨርስና» አትበሉ። ዘይት ሥራው በሚሽከረከሩት ብረቶች መሃል ቀጭን ንጣፍ ሆኖ እንዳይነካኩ መከልከል ነው። ውሃ ሲቀላቀልበት ያ ንጣፍ ይበጣጠሳል። ብረት ከብረት ይፋጫል፣ ብሮንዚን ይበላል፣ ቆሞ ባደረ ቁጥር ደግሞ ውስጡ ዝገት ይጀምራል። አንድ ሰዓት ተጨማሪ ማሠራት ጋርኒሲዮን (በሁለት ብረቶች መሃል ገብቶ የሚያሽገው ንጣፍ) ብቻ የሚያስቀይረውን ብልሽት ሙሉ ሞተር ወደሚያስፈታ ብልሽት ሊለውጠው ይችላል።

ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ማሳችሁን ከጎረቤት ፓምፕ ተውሳችሁ አጠጡ። ነዳጁን ችላችሁ በተራ መጠቀም የተለመደ ነው፣ አያሳፍርም።

ውሃ ነው ወይስ ነዳጅ?

ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። የዘይቱ ልክ ከፍ ብሎ ከተገኘ ውሃ ብቻ ላይሆን ይችላል። ቤንዚን ሞተር ላይ የካርቡሬተሩ መዝጊያ መርፌ ቆሻሻ ይዞት ካልዘጋ ቤንዚኑ ሌሊቱን ሙሉ እየወረደ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ናፍጣም በኢንጀክተር ወይም በናፍጣ ፓምፑ በኩል ሊገባ ይችላል።

ለመለየት ዘይቱን በጣታችሁ ያዙና አሽቱት። ነዳጅ የገባበት ዘይት ጥቁርነቱን አይለቅም። ግን ይቀጥናል፣ ከጣት ላይ ቶሎ ይወርዳል፣ ይሸታል። ውሃ የገባበት ይነጣል፣ ይወፍራል፣ አንዳንዴ አረፋ ይይዛል።

የነዳጅ ሽታ ከሌለው አንድ ሌላ ሙከራ አለ። አሮጌ የቆርቆሮ ክዳን ከሰል ላይ አሙቁ። ከመለኪያው ዘንግ ጫፍ አንድ ጠብታ ዘይት ጣሉበት። ንጹሕ ዘይት ዝም ብሎ ይዘረጋና ይጨሳል። ውሃ ያለበት ይንጣጣል፣ ይፈናጠራል። ፊታችሁን አርቁ፣ ከቤት ውጭ አድርጉት፣ ልጆች አይቅረቡ። ቤንዚን ወይም ናፍጣ የሚሸት ዘይት ላይ ግን ይህን ሙከራ ፈጽሞ አታድርጉ፤ እሳት ይይዛል።

ሦስተኛው መንገድ ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ በጣም ቀላል ነው። ሞተሩ ሳይነካ ይደር። ውሃ ከዘይት ይከብዳልና ወደ ኮፓው (ዘይቱ የሚጠራቀምበት የሞተሩ ሆድ) ታች ይወርዳል። ጠዋት የማፍሰሻውን ብሎን ቀስ ብላችሁ አላሉት፣ ሙሉ በሙሉ አታውጡት። ከሥሩ ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ ያዙ። መጀመሪያ የሚንጠባጠበው ውሃ ከሆነ ጉዳዩ አለቀ፣ ውሃ ገብቷል። ጠርሙሱን አትድፉት፤ ምን ያህል ውሃ እንደነበር ማየቱ በኋላ ይጠቅማል። ጥቂት ጠብታ ከሆነ ምናልባት ላብ (ብረቱ ሲበርድ ውስጡ ካለው አየር የሚወጣ እርጥበት) ወይም ዝናብ ነው። ብዙ ከሆነ የተከፈተ መንገድ አለ። አንድ ነገር አስታውሱ። ሞተሩ ሲሠራ ቆይቶ ዘይትና ውሃው በደንብ ከተመታ አድሮም ላይለይ ይችላል። ነጭ ሆኖ ከቀረ እንደ ውሃ ቁጠሩት።

ሞተራችሁ የትኛው ነው?

እኛ አካባቢ ያለው በብዛት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በገመድ የሚነሳው፣ ባለ ሁለት ወይም ሦስት ኢንች ቤንዚን ፓምፕ ነው። ይህ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ሞተሩ ውስጥ ውሃ የሚዞርበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ዘይቱ ውስጥ ውሃ ከተገኘ ከውጭ ነው የገባው። ሁለተኛው በማንሻ ብረት የሚነሳው፣ አናቱ ላይ ክፍት የውሃ ሳጥን ያለው ባለ አንድ ሲሊንደር ናፍጣ ነው። ይህኛው ውሃውን በሆዱ ተሸክሞ ነው የሚሠራው። ከውስጥም ከውጭም ሊገባበት ይችላል። ፍለጋው የተለያየ ስለሆነ ከዚህ በታች የራሳችሁን አንብቡ።

ናፍጣው፦ ከውሃ ሳጥኑ ይጀምራል

እኔን ያስቸገረኝ ይኸኛው ነው። ስለዚህ ትንሽ ረዘም ላድርገው።

ውሃ ከሳጥኑ ወደ ዘይቱ የሚያልፍባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። የቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ጋርኒሲዮን ሲቃጠል፣ ቴስታታው ወይም ካሚቻው (ፒስተኑ የሚመላለስበት ቱቦ) ሲሰነጠቅ፣ ካሚቻው ታች ላይ ያሉት የጎማ ኦሪንጎች ሲደርቁ። የትኛው እንደሆነ ሳይፈታ በከፊል መገመት ይቻላል።

የመጀመሪያውን ሙከራ ሞተሩ በደንብ በቀዘቀዘበት አድርጉ። ዘይቱ ነጭ ስለሆነ መጀመሪያ አፍሱትና ርካሽ ግን ንጹሕ የሞተር ዘይት በልኩ ሙሉ። ሳጥኑን ውሃ ሙሉ። ሞተሩን አስነሱና ወዲያው ውሃው ላይ አፍጥጣችሁ እዩ። ውሃው ገና ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ አረፋ ከታች እየተንተከተከ ከወጣ የሲሊንደሩ ጋዝ ወደ ውሃው እያለፈ ነው። ጋርኒሲዮኑ ወይም ቴስታታው ተጠርጣሪ ነው። ከሁለት ደቂቃ በላይ አታሠሩት። ውሃው ከሞቀ በኋላ የሚታይ አረፋ ግን ማስረጃ አይሆንም። ይህ ዓይነት ሞተር ውሃው ፈልቶ በመትነን የሚቀዘቅዝ ስለሆነ መፍላቱ ጤነኛ ነው።

ስለ መፍላት ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር። ሸዋሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውሃ 96 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ናት፤ እዚያ 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። ያንኑ ሞተር ቆላ ሲሠራበት የነበረ ሰው ደጋ ወስዶ «ቶሎ ፈላ፣ ተበላሸ» ቢል አይፍረድበት፤ ሞተሩ ግን ደህና ነው። ደጋ ላይ ውሃው ቶሎ ስለሚተን ሳጥኑን ቶሎ ቶሎ ማየት ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ሁለተኛው ሙከራ እኔ በጣም የምወደው ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ዘይቱ ፈስሶ፣ የኋላውን የክራንክ ክዳን ፍቱ። ውስጡን በጨርቅ አድርቁ። ሳጥኑን ውሃ ሙሉና ከሥር ካርቶን አንጥፋችሁ ይደር። ጠዋት በባትሪ መብራት እዩ። ውሃው የሚንጠባጠበው በካሚቻውና በብሎኩ መሃል፣ ከካሚቻው ውጭ ከሆነ ኦሪንጉ ነው። ከካሚቻው ውስጥ፣ በፒስተኑ ዙሪያ ከሆነ የሚመጣው ከላይ ነው፤ ጋርኒሲዮን ወይም ስንጥቅ። የእኔ ኦሪንጉ ነበር። ሁለት የጎማ ቀለበት ነው። ዋጋው ካባከንኩት ዘይት ጋር አይወዳደርም።

ጥገናው ላይ መካኒክ ቢኖር ይሻላል። ቢሆንም ቆማችሁ እነዚህን ተመልከቱ፦

ጋርኒሲዮን ሁልጊዜ አዲስ ይሁን። የተነሳ ጋርኒሲዮን ቀለም ወይም ማጣበቂያ ተቀብቶ መመለስ የለበትም። የቴስታታው ፊትና የብሎኩ ፊት ተፍቀው መጽዳት አለባቸው፣ ግን በብርጭቆ ወረቀት ጎድጉዶ እስኪወጣ አይደለም። ቀጥ ያለ ብረት ማስመሪያ በሰያፍ አጋድማችሁ ከሥሩ ብርሃን ካያችሁ ቴስታታው ጠሟል፤ ማሽን ቤት ሄዶ ይላግ። የካሚቻው ከንፈር ከብሎኩ ፊት በትንሹ ከፍ ብሎ መታየት አለበት። ከሰመጠ ጋርኒሲዮኑን አይጨብጥም፣ አዲሱም በሳምንቱ ይቃጠላል።

ኦሪንጉ ሲገባ የሳሙና ውሃ ቀቡት። ሳይጠማዘዝ ጎድጓዳው ውስጥ በደንብ ይቀመጥ። የቆየው ጭቃና ዝገት ከጎድጓዳው ካልተፋቀ አዲሱ ጎማ ይቆረጣል። የሮቢ ውሃ ደለሉ ብዙ ነው፣ ሳጥኑ ታች ላይ እንደ ጭቃ ግድግዳ ይጋገራል። ካሚቻው ከወጣ አይቀር ያንን ሁሉ ጥረጉት።

ዳዶዎቹ በመስቀል ተራ፣ በሦስት ዙር ይጠበቁ። አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ቴስታታውን ያጣምመዋል።

ቴስታታ የሚሰነጠቅበትንም ምክንያት ልንገራችሁ፤ በየማሳው የማየው ነው። ሳጥኑ ውሃ ጨርሶ ሞተሩ ሲግል ሰው ይደነግጥና ባልዲ ሙሉ ቀዝቃዛ የወንዝ ውሃ ይቸልስበታል። የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማለት ስንጥቅ ማለት ነው። አጥፉት፣ በእጅ የሚነካ እስኪሆን ተዉት፣ ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ ሙሉ።

ቤንዚኑ፦ ከፓምፑ ጎን ይጀምራል

እዚህ ዋናው ተጠርጣሪ በፓምፑና በሞተሩ መሃል ያለው ሜካኒካል ሲል ነው፤ በሚዞረው ዘንግ ዙሪያ ውሃ እንዳያልፍ የሚዘጋው ማለት ነው። አንደኛው ፊቱ ካርቦን፣ ሌላው ሴራሚክ ነው፤ ሁለቱ ተገጣጥመው ውሃውን ይይዛሉ። ፓምፑ ያለ ውሃ ሲዞር ይቃጠላሉ። ደለል ሲገባ ይጫራሉ። ያን ጊዜ ውሃው በዘንጉ ላይ ወደ ሞተሩ ይተፋል። የሞተሩ ኦይል ሲል ካረጀ ደግሞ ውሃው ገብቶ ዘይቱ ውስጥ ይቀመጣል።

ፓምፑ ውሃ እየገፋ ሳለ በፓምፑና በሞተሩ መገናኛ ሥር ያለውን ክፍተት እዩ። የሚንጠባጠብ ካለ ወይም የደረቀ የጭቃ መስመር ካለ አገኛችሁት። ሁለቱንም ሲል በአንድ ጊዜ ቀይሩ። የሜካኒካል ሲሉን ፊት በቆሸሸ ጣት አትንኩ።

ሌላው ዝናብ ነው። የዘይት መሙያው መክደኛ ኦሪንግ ከሌለው ወይም መክደኛው ጠፍቶ በጨርቅ ከተወተፈ ውሃ ይገባል። ጨርቅ ውሃ ይጠጣል እንጂ አይዘጋም። በከፍተኛ ግፊት የሚታጠብ ሞተርም በመክደኛውና በአየር ማጣሪያው በኩል ውሃ ይወስዳል። በጨርቅ ብትጠርጉት ይበቃዋል።

ዘይቱ ራሱስ? ይህን አትርሱ። ውሃ ሲቀዳበት የኖረ ጀሪካን ውስጥ የተገዛ ዘይት ከመግባቱ በፊት ውሃ አለበት። ደጅ የቆመ የዘይት በርሜልም አናቱ ላይ ዝናብ ያቁራል፤ ቀን ሞቆ ማታ ሲበርድ በክዳኑ ጥርስ በኩል ያንን ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። የታሸገ ሊትር ግዙ። የቤንዚኑ ትንሽ ሞተር የሚወስደው 0.6 ሊትር ገደማ ስለሆነ አንድ ሊትር ይበቃችኋል።

ደራሽ የዋጠው ፓምፕ

ቆላችን ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጣርማበርና ደብረ ሲና ላይ የጣለው ዝናብ ወንዙን ሞልቶ ይመጣል። ወንዝ ዳር ያደረ ፓምፕ ይዋጣል። የተገኘ እንደሆነ ገመዱን አትሳቡ! ሲሊንደሩ ውስጥ ውሃ ካለ ውሃ አይጨመቅም፣ ቢየላውን (ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ) ያጣምመዋል።

መጀመሪያ ካንዴላውን አውጡ። ከዚያ ገመዱን ቀስ ብላችሁ ደጋግማችሁ ሳቡ፤ ውሃው በካንዴላው ቀዳዳ ይረጫል። ናፍጣ ከሆነ ኢንጀክተሩ ይውጣ፣ በእጅ ቀስ ብሎ ይዙር። ዘይቱን አፍሱ። የነዳጅ ጋኑንና ካርቡሬተሩን አፍሱ። የአየር ማጣሪያውን አውጥታችሁ አድርቁ። ሲሊንደሩ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሩና ጥቂት ጊዜ አዙሩት። ይህ ሁሉ በዚያው ቀን ይሁን። ፓምፑን ካወጣችሁት በኋላ አየር ስለሚያገኘው ዝገቱ በሰዓታት ውስጥ ነው የሚጀምረው። ጭቃ ወደ ውስጥ ከገባ ደግሞ ማጠብ ብቻውን አይበቃም፤ ተፈትቶ ይጽዳ።

ደጋ ላይ፦ ላብ

ደብረ ብርሃን፣ አንኮበር፣ መንዝ ያላችሁ፣ የእናንተ ጉዳይ ሌላ ሊሆን ይችላል። መክደኛው ሥር ብቻ ቢጫ ነጭ አረፋ ይዞ፣ መለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይት ግን ጥቁርና ጤናማ ከሆነ አትደንግጡ። ውርጭ ባለበት ወር ሌሊት ብረቱ ይበርዳል፣ ውስጡ ያለው አየር ያልበዋል። ሞተሩ በየቀኑ አምስትና አሥር ደቂቃ ብቻ ከሠራ ዘይቱ አይሞቅም፣ ላቡም አይተንም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሥራችሁን አጠራቅማችሁ ሞተሩን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጭነት ላይ አሠሩት። አረፋው ከጠፋ ላብ ነበር። ናፍጣ ካላችሁ በውርጭ ሌሊት የሳጥኑን ውሃ አፍስሳችሁ እደሩ፤ በረዶ ሲሆን ይነፋና ብረት ይሰነጥቃል።

ማጠቡ

ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላ ነው ማጠብ። ሞተሩ አድሮ፣ አሮጌው ዘይት በደንብ ይንጠፍጠፍ፤ ሞተሩን ወደ ማፍሰሻው በኩል ዘንበል አድርጉት። ፊልትሮ ካለው ቀይሩ። ናፍጣው ኮፓው ውስጥ የሽቦ ወንፊት አለው፤ አውጥታችሁ በናፍጣ እጠቡት።

ከዚያ ንጹሕ ዘይት በልኩ ሙሉ። ፓምፑን ውሃ ሙሉት፤ ደረቁን ካዞራችሁት አዲሱን ሲል ታቃጥሉታላችሁ። ሞተሩን ያለ ብዙ ጋዝ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ አሠሩት። አጥፉና ገና ሞቅ እንዳለ አፍሱት። ነጣ ብሎ ከወጣ ድገሙት። ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ይፈጃል። ለእነዚህ ዙሮች ውድ ዘይት አያስፈልግም፣ ንጹሕ መሆኑ ብቻ ይበቃል።

አንዳንድ ሰው በቤንዚን ወይም በነጭ ጋዝ ሞልቶ ያስነሳል። አታድርጉት። ነዳጅ ብረት አያለሰልስም፤ ከውሃ ያተረፋችሁትን ብሮንዚን በዚያው ትጨርሱታላችሁ።

የመጨረሻው ዘይት የሞተሩ መጽሐፍ የሚለው ይሁን። የውፍረት ቁጥሩ በአብዛኛው ለቤንዚኑ 10ደብሊው-30፣ ለናፍጣው 15ደብሊው-40 ነው። መለኪያውን ሞተሩ ሜዳ ላይ ቆሞ እዩ፤ ወንዝ ዳር ጋደል ብሎ የሚነበብ ልክ ያታልላል።

የፈሰሰውን ዘይት ጀሪካን ውስጥ ሰብስቡና ከድኑ። ቦይ ዳር አትድፉት። ያ ውሃ ነገ የእናንተም የታችኛው ጎረቤታችሁም ሽንኩርት ላይ ነው የሚወጣው። ከብትም ይጠጣዋል።

ከዚያ በኋላ

አንድ ሰዓት ካሠራችሁት በኋላ ዘይቱን እዩ። በማግሥቱ ጠዋት ሳይነሳ እዩ። ለአንድ ሳምንት በየጠዋቱ እዩ። ዘይቱን በ20 ሰዓት ሥራ ላይ አንድ ጊዜ ቀይሩ፣ የቀረችውን እርጥበት ይዞ ይወጣል። ከዚያ ወደ ተለመደው መመለስ ይቻላል፤ ለትንሹ ቤንዚን ሞተር በ100 ሰዓት ወይም በስድስት ወር አንዴ ነው፣ ቀድሞ የደረሰው። ናፍጣው ላይ የሳጥኑንም ውሃ ተከታተሉ። ሲፈላ መቀነሱ ያለ ነው። ሞተሩ ሳይሠራ አድሮ ከቀነሰና ከውጭ የሚፈስ ከሌለ ግን ወደ ውስጥ እየሄደ ነው።

ጣና ወይም ሌላ ሐይቅ ላይ የጀልባ ሞተር ያለው ዘመድ ካላችሁ የጠርሙሱን ሙከራ ንገሩት። የጀልባ ሞተር ታችኛው ማርሽ ሳጥን ውሃ ውስጥ ነው የሚውለው። የማርሽ ዘይቱ ወተት ሲመስል መጀመሪያ የሚታየው የፕሮፔለሩ ዘንግ ሲል ነው፤ ብዙ ጊዜ የዓሣ መረብ ክር ተጠምጥሞበት ይቆርጠዋል። እሱም ሲያሳድር፣ ብሎኑን ሲያላላ፣ መጀመሪያ የሚወጣውን ሲያይ መልሱን ያገኘዋል።

እኔ አሁን ፓምፔ ላይ አንዲት የፕላስቲክ ጠርሙስ አስሬአለሁ። ሰኞ ሰኞ ጠዋት፣ ከመነሳቱ በፊት፣ ብሎኑን ላላ አድርጌ ጥቂት ጠብታ እቀበልና ፀሐይ ላይ አየዋለሁ። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።